የስንዴ ዝርያዎች ጨዋማ አፈርን የመቋቋም ልዩነት

ጨው በበዛበት ማሳ አንዱ የስንዴ ዝርያ ተቃጥሎ ሲቀር ከጎኑ የተዘራው ሌላው ዛላ ያወጣል። ይህን ልዩነት ከተመራማሪዎች በፊት ያወቁት ገበሬዎች ናቸው።

አፈር ጨዋማ የሚባለው፣ በውሃ ከጠገበ ናሙና የሚወጣው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ (የዚህ ዐቅም መለኪያ) ሲያልፍ ነው። የዳቦ ስንዴ እስከ 6 ገደማ ምርቱ ብዙም አይነካም። ከዚያ በላይ አንድ ዴሲሲመንስ በጨመረ ቁጥር ምርቱ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ገብስ እስከ 8 ይዘልቃል፤ ሩዝ ግን ገና 3 ላይ መጎዳት ይጀምራል። እነዚህ ግን አማካይ ቁጥሮች ናቸው። በዝርያዎች መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት አያሳዩም።

ጨው መጀመሪያ የሚጎዳው ውሃ በመከልከል ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ይቀጭጫል፣ የጎን ቡቃያውም ያንሳል። ቀጥሎ የጨው አንዱ ክፍል የሆነው ሶዲየም ቅጠል ውስጥ ይጠራቀማል። ይሄኛው በዓይን ይታያል። የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ጫፉ ይገረጣል፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ድርቀቱም ቀስ እያለ ወደ ግንዱ ይወርዳል። የላይኛው ቅጠል በዚህ ጊዜ ገና አረንጓዴ ነው። ታጋሽ ዝርያ ይህን ድርቀት ያዘገየዋል።

ፓስታ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ 28 ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የሚይዝ ክር) አለው፤ የዳቦ ስንዴ 42። ትርፎቹ 14 ክሮሞዞሞች ዲ የሚባለው ክፍል ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ 4ዲ፣ ሶዲየም ወደ ቅጠል እንዳይወጣ የሚያግድ ዘረመል ይዟል። ዱረም ይህ ስለሌለው ቅጠሉ ብዙ ሶዲየም ይሰበስባል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ዘረመል ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወደ ዱረም አሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ውጤት በጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨምሯል። ትልቅ እመርታ ነው።

ከገበሬ ዝርያዎች ስሙ የገነነው የህንድ ራጃስታኑ ካርቺያ ነው። ገበሬዎች በጨዋማ መሬት ላይ ለትውልዶች ሲዘሩት ኖረዋል። ከእሱ የተገኘው ካርቺያ 65 ዛሬም ሌሎች ዝርያዎች የሚመዘኑበት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው፣ በህንድ ካርናል የሚገኘው የአፈር ጨዋማነት ምርምር ተቋምም ኬአርኤል 1-4 የተባለውን ዝርያ ያገኘው ካርቺያ 65ን አዳቅሎ ነው። የግብፁ ሳካ 8 እና የፓኪስታኑ ኤልዩ26ኤስም በታጋሽነት ይታወቃሉ።

ሶዲየምን ማገድ ብቻውን በቂ ነው ወይ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ለዱረም ማስረጃው ጠንካራ ነው። በዳቦ ስንዴ ግን ብዙ ሶዲየም በቅጠላቸው ይዘው ደህና የሚያፈሩ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ጨውን በሴሎቻቸው ከረጢት ውስጥ ለይተው ያስቀምጡታል ተብሎ ይታሰባል። በጨው ውሃ ጥሩ የበቀለ ዘርም በማሳ ላይ ጥሩ ያፈራል ማለት አይደለም። ማሳው ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ሥሩ አየር ያጣል፣ ሶዲየምን የማገድ ዐቅሙም ይዳከማል። ደረቅ ጨዋማ መሬት ላይ የተመሰከረለት ዝርያ እዚያ ሊወድቅ ይችላል።