«ሆም አሎን»፦ ድብቅ ዝርዝሮችና የተመልካቾች መላምቶች፣ ከሐዋሳ ሲታዩ

«ሆም አሎን» ጆን ሂዩዝ የጻፈውና ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ክሪስ ኮሎምበስ ዳይሬክት ያደረገው የቤተሰብ የገና ፊልም ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ኅዳር 7 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1990) ነው። ወደ ፓሪስ በጥድፊያ የወጣ ቤተሰብ የ8 ዓመቱን ኬቨን ማካሊስተርን ቤት ጥሎት ይሄዳል፤ ልጁም ቤቱን ሃሪና ማርቭ ከተባሉ ሁለት ሌቦች በወጥመድ ይጠብቃል። ማካውሌ ኩልኪን ኬቨንን፣ ጆ ፔሺ ሃሪን፣ ዳንኤል ስተርን ማርቭን ሆነው ተውነዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሐዋሳ ላይ የፊልሙ ሰሞን የሚጀምረው ከፈረንጆቹ ገና፣ ከታኅሣሥ 16 ነው። ከተማዋ በእንግዳ የምትጨናነቅበትን የታኅሣሥ 19ን የገብርኤል ንግሥ አልፎ እስከ እኛው ገና ድረስ ይዘልቃል። ፊልሙ በረዶ በበረዶ ነው፤ የሐዋሳ ታኅሣሥ ግን ደረቅና ፀሐያማ ስለሆነ እዚህ ዓይን የሚያርፈው በረዶው ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው። ለድብቅ ዝርዝር አዳኝ ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

የቅጂው ጉዳይ

ፊልሙ በቪዲዮ ቤት ካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በፍላሽ ተጭኖ ይታያል። ዲሽ ያለው ሰው በዐረብኛ ጽሑፍ ያየዋል። ክርክር የሚነሳው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቅጂ ይዘው ስለሚከራከሩ ነው። የፊልሙ ሙሉ ርዝመት 103 ደቂቃ ሲሆን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሚሄድ የቴሌቪዥን ስርጭት የተቀዳ ከሆነ ወደ 99 ደቂቃ ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ «ልክ 60ኛው ደቂቃ ላይ» ያለው ነገር በሌላው ፋይል 57 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ላይ ይገኛል። የደቂቃ ቁጥር ከመጥቀስ በፊት የፋይሉን ሙሉ ርዝመት መናገር ክርክሩን ግማሽ ያቀለዋል።

ለስልክ ተብሎ የተጨመቀ ፋይል ደግሞ ጨለማ ቦታዎችን ያደበዝዛል። ከሚጠፉት ውስጥ ዋናው፣ ከታች የሚነሳው የቆሻሻ ቅርጫት ነው። በኮምፒውተር ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቶ ትዕይንቱ ሲቃረብ ማቆምና የእንግሊዝኛው «ኢ» (E) ፊደል ያለበትን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ፍሬም በፍሬም ያሳልፋል። በአማርኛ ትርጉም የተሠሩት ቅጂዎች ለቤተሰብ ይመቻሉ፤ ሆኖም ተርጓሚው በላዩ ላይ ስለሚናገር በጎን የተጣሉ አጫጭር ንግግሮች ይዋጣሉ። ከመላምቶቹ መካከል በእነዚህ ንግግሮች ላይ ብቻ የቆሙ አሉ።

በፍሬም የሚረጋገጡ ዝርዝሮች

ኬቨን እንዴት ተረሳ ለሚለው ፊልሙ አንድ ሳይሆን ብዙ መልስ አስቀምጧል፤ የፊልም ጽሑፉ ጥንካሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። በእራት ሰዓት ኬቨን ወንድሙን በዝን ሲገፋው ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ፓስፖርቶችና ትኬቶች ላይ ይደፋል። አባትየው ፒተር በሶፍት ይጠርግና እርጥቡን ሁሉ ሰብስቦ ይጥላል። በዚያ ቅጽበት የኬቨን ስም ያለበት ትኬት ከሶፍቱ ጋር ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ይታያል። በነጋታው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ትርፍ ትኬት ያልተገኘው ለዚህ ነው። ሌሊት ነፋስ የሰበረው ቅርንጫፍ የመብራቱንና የስልኩን ሽቦ ይመታል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የማንቂያው ሰዓት ይበላሻል፤ መብራት የሚሄድበት አገር ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ጠዋት የኬቨን የአጎት ልጅ ሄዘር ልጆቹን ስትቆጥር መኪናው ውስጥ ሻንጣ ሲበረብር የነበረውን የጎረቤት ልጅ ሚች መርፊን አብራ ትቆጥረዋለች። ቁጥሩ 11 ሲሞላ ማንም አይጠረጥርም። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ አይኖርም ነበር።

ቀለሙም በዕቅድ የተሠራ ነው። የግድግዳ ወረቀቱ፣ መጋረጃው፣ የማዕድ ቤቱ ዕቃ ሁሉ በቀይና በአረንጓዴ ተሞልቷል፤ የገና ዛፍ በሌለበት ክፍል እንኳ የገና ቀለም ይታያል። የቤቱ ፊት ቺካጎ አጠገብ ባለችው ዊኔትካ ያለ እውነተኛ ቤት ሲሆን የውስጡ አብዛኛው ክፍል በአንድ የተዘጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ለቀረጻ የተገነባ የውሸት ቤት ነው። ውኃ የሞላበት ምድር ቤት የተሠራው በትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው።

ኬቨን ሱፐርማርኬት ሄዶ 19 ዶላር ከ83 ሳንቲም ይከፍላል። ከገዛቸው ዕቃዎች አንዱ የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ነው። በኋላ ሃሪ በር ላይ ፊቱን የሚጣበቅበት ሙጫ የተቀባ ፕላስቲክም ተመሳሳይ ነው፤ ሱፐርማርኬት ሲሄድ ግን ልጁ ገና ወጥመድ አላቀደም። ፒዛ አምጪውንና ማርቭን ያስፈራራበት ጥቁርና ነጭ የወንበዴ ፊልም ብዙ ሰው የድሮ ፊልም አድርጎ ይፈልገዋል። ፈልጎ አያገኘውም፤ ለዚሁ ፊልም ተብሎ በአንድ ቀን የተቀረጸ የውሸት ፊልም ነው። የበዝ የሴት ጓደኛ ተብሎ የሚታየው ፎቶም የሴት አይደለም። በሴት ልጅ መልክ መሳለቅ ጭካኔ ይሆናል ብሎ ኮሎምበስ ስላሰበ ወንድ ልጅ ሴት መስሎ ተነሥቷል።

በማርቭ ፊት ላይ የሄደው ሸረሪት እውነተኛ ነው። ስተርን እንዳያስደነግጠው ያለ ድምፅ ጮኾ ጩኸቱ በኋላ ተጨመረ ይባላል። በባዶ እግሩ የዛፍ ጌጥ ሲረግጥ ግን ጎማ እግር አጥልቋል።

ለትርጉም ፊልም ወዳጅ ደስ የሚለው ዝርዝር ፓሪስ ላይ አለ፦ ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1946 የተሠራውን «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ያያል። እዚህ ላይ የአማርኛው ተርጓሚ የትርጉም ትርጉም ሊሠራ ነው።

መላምቶቹ

በሰፊው የሚነገረው የኤልቪስ ፕሪስሊ ጉዳይ ነው። እናትየው ኬት ወደ ልጇ ለመመለስ በአሜሪካዋ ስክራንተን ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ስትጨቃጨቅ ከኋላዋ ጺማም ሰው ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የሞተው ኤልቪስ በሕይወት ኖሮ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ የሠራ ነው የሚሉ አሉ። ኮሎምበስና ኩልኪን በዲቪዲው ማብራሪያ ላይ ሳቁበት። ከዚያ በላይ መልስ አያስፈልገውም።

በዚያው ትዕይንት ኬት ነፍሴን ለሰይጣን መሸጥ ቢኖርብኝም ልጄ ዘንድ እደርሳለሁ ትላለች። ወዲያው ጆን ካንዲ የተጫወተው ሙዚቀኛው ጋስ ፖሊንስኪ ብቅ ብሎ በሙዚቃ ባንዱ መኪና ሊወስዳት ይስማማል። ጋስ ሰይጣን ነው የሚለው መላምት የመጣው ከዚህ ነው። ብልህ ንባብ ነው፤ ግን ጋስ ከኬት ምንም አይቀበልም፣ በሰዓቱም ያደርሳታል። በትርጉም ቅጂ ብቻ ያየ ሰው ይህን መላምት የማይገባው የኬት ንግግር ስለሚጠፋ ነው።

አጎት ፍራንክ ሌቦቹን ቀጠራቸው የሚለው የበለጠ ጠንካራ ይመስላል። ቆንቋናነቱ በማስረጃ የተደገፈ ነው፦ የ10 ፒዛ 122 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲጠየቅ ከመክፈል ያመልጣል፤ አውሮፕላን ላይ ሚስቱ የክሪስታል ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ እንድትከት ይነግራታል። ሆኖም ሃሪ ፍራንክን አያስፈልገውም። ፖሊስ መስሎ ገብቶ ስለ ጉዞው ከቤተሰቡ አፍ ሰምቷል። በሰፈሩ ባዶ የሆኑትን ቤቶች ደግሞ መብራታቸው በሰዓት ቆጣሪ ሲበራ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይቆጥራል። አባትየው ማፍያ ነው፣ ያለዚያ 15 ሰው ፓሪስ አይወስድም የሚለው ደግሞ ከመነሻው ይወድቃል፤ ጉዞውን የከፈለው ፓሪስ የተዛወረው ወንድሙ ሮብ ነው፤ ኬት ራሷ መጀመሪያ ላይ ትናገረዋለች።

ኬቨን የሚፈራው ሽማግሌ ጎረቤት ማርሊ የወደፊቱ ኬቨን ነው የሚሉም አሉ። ማርሊ ግን ልጅም የልጅ ልጅም አለው፤ ከመላምቱ ይልቅ እጁን ማየት ያተርፋል። ፋርማሲው ውስጥ ደም ያለበት ፋሻ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አነስ ያለ ፕላስተር፣ መጨረሻ ላይ የዳነ እጅ። ማርሊን ወደ ታሪኩ ያስገባው ኮሎምበስ ነው።

ያልተፈታው የስልኩ ነገር ነው። መስመሩ ስለተበጠሰ ከፓሪስ ወደ ቤት መደወል አልተቻለም፤ ኬቨን ግን ፒዛ በስልክ ያዛል። የሩቅ ጥሪ ብቻ ነው የተቋረጠው የሚለው የተለመደ ማስታረቂያ አይሠራም። ፒተር ከፓሪስ ለመርፊ ቤት ደውሎ መልእክት ሲተው ሌቦቹ እዚያው ቤት ውስጥ ሆነው ይሰሙታልና። የመርፊ ቤት መስመር ብቻ ተርፏል ቢባል እንኳ የኬቨን ፒዛ አሁንም መልስ ያጣል። ይህ የፊልም ጽሑፉ ስህተት መሆኑን መቀበል ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቷል፤ በዚያም ቤተሰቡ ፍሎሪዳ ሆኖ ያንኑ የ1946 ፊልም በስፓኒሽ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ኩልኪን የለም።