የብሌድ ሳጥን ማኔጅመንት ኔትወርክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። የምሠራበት ቤት 14 ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ከኔትወርክ ጠፍተዋል። ሁሉም ያሉት አንድ የኤችፒ ሲ7000 ብሌድ ሳጥን (ብሌድ የሚባሉ ቀጫጭን ሰርቨሮችን በአንድነት የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ ነው። ከቤት ሆኜ በማኔጅመንቱ፣ ማለትም ሰርቨሮቹን ከሩቅ በምናስተዳድርበት መስመር በኩል ልገባ ሞከርኩ። እሱም የለም። ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

ሳጥኑ ካለበት መደርደሪያ፣ ከራኩ ጀርባ ስቆም ነገሩ ገባኝ። የማኔጅመንቱ ኬብል የተሰካው እዚያው ሳጥን ውስጥ ካሉት ስዊቾች በአንዱ ላይ ነበር። ስዊቹ ሲሞት የምንገባበትም በር አብሮ ተዘጋ። ኬብሉን እንደዚያ የሰካነው እኛው ነን፤ የሰካነውም በተሳሳተ ግምት ነው። ያንን ግምትና የቅርብ ዘመዶቹን ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ አፍ ስለምሰማ ነው ይህን የምጽፈው።

ሲ7000 በ2006 የወጣ ሳጥን ነው። ቁመቱ 10 ዩ ነው (ዩ የራክ ቁመት መለኪያ ነው)። ግማሽ ቁመት ያላቸውን 16 ሰርቨሮች ወይም ሙሉ ቁመት ያላቸውን 8 ይይዛል። ፓወር ሰፕላዩንም ፋኑንም በጋራ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ብሌድ አይሎ የምትባል የራሱ ማኔጅመንት ቺፕ አለችው። ሰርቨሩ ጠፍቶም ቢሆን አይሎ ትሠራለች። ሳጥኑን በሙሉ የሚያስተዳድረው ደግሞ ከጀርባ የሚገባው ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተር ነው። እኛ ኦኤ እንለዋለን።

«አይሎም የሚወጣው በስዊቾቹ በኩል ነው»

እኛን ያሳተን ይሄ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። የሰርቨሮቹ ዳታ ከጀርባ ባሉት 8 የኢንተርኮኔክት ማስገቢያዎች፣ ማለትም በስዊች ወይም በቨርቹዋል ኮኔክት ሞጁሎች በኩል ይወጣል። የአይሎ ትራፊክ ግን እነሱን አይነካም። በሳጥኑ ውስጠኛ መስመር ወደ ኦኤ ይሄዳል፤ ከዚያ በኦኤው ማኔጅመንት ፖርት ይወጣል።

ኤችፒ መንገዱን የለየው በምክንያት ነው። አንዱ ሲበላሽ በሌላው ገብተህ እንድታስተካክል ነው። የኦኤውን ኬብል መልሰህ ከሳጥኑ ስዊች ላይ ከሰካኸው ሁለቱን መንገዶች አንድ አደረግካቸው ማለት ነው። ስለዚህ ኬብሉ ከሳጥኑ ውጭ ወዳለ ሌላ ስዊች ይሂድ። ያ ስዊች መብራት ሲጠፋም እንዲቆይ ከዩፒኤስ (ከመጠባበቂያ ባትሪ) ጋር ይያያዝ።

ከዚሁ ጋር ለ16 ሰርቨር 16 የማኔጅመንት ኬብል የሚያዘጋጁ አሉ። አያስፈልግም። ሁሉም አይሎዎች በኦኤው አንድ ፖርት ይወጣሉ።

«ለእያንዳንዱ አይሎ አይፒ በእጅ መስጠት አለብኝ»

ትችላለህ፤ ግን ለምን? ሳጥኑ ኢቢፓ የሚባል ነገር አለው። ኦኤው ለእያንዳንዱ ማስገቢያ ቋሚ አይፒ ይይዛል። እዚያ ቦታ የገባ ማንኛውም ብሌድ ያንን አይፒ ይወስዳል። አድራሻው የቦታው እንጂ የሰርቨሩ አይደለም።

ጥቅሙ የሚታየው ሰርቨር ሲቀየር ነው። እኛ ቤት ኦኤዎቹ 10.20.30.11 እና 12 ናቸው። አይሎዎቹ ከ101 እስከ 116፣ የጀርባዎቹ ሞጁሎች ከ121 እስከ 128 ናቸው። ቁጥር 7 ላይ ያለው ብሌድ ተበላሽቶ ሌላ ሲገባ አይሎው ያው 107 ይሆናል። ሰርቨሮቹን በሚከታተለው የሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ላይ የሚነካ ነገር የለም። ሌሊት ስልክ የደረሰው ሰው «107 አይመልስም» ሲባል ራኩ ጋ ሄዶ የትኛውን እንደሚስብ ያውቃል።

ሁለት ነገር ልብ በል። አይሎው ላይ በእጅ የተሞላ አይፒ ካለ ኢቢፓ አይሠራም፤ መጀመሪያ አይፒ በራሱ ወደሚቀበልበት ወደ ዲኤችሲፒ መልሰው። ሌላው፣ አዲስ አይፒ ስትሰጠው በአይሎ ኮንሶል ላይ ያለ ሰው ይቋረጥበታል። የሚሠራው ሰርቨር ግን አይነካም።

«ኢቢፓን ካበራሁ የቢሮውን ዲኤችሲፒ ይረብሸዋል» ብለው የሚፈሩም አሉ። አይረብሽም። ኦኤው የሚያድለው ሳጥኑ ውስጥ ላሉት ማስገቢያዎች ብቻ ነው።

«ሁለት ኦኤ ካለ ሥራውን ይካፈላሉ»

አይካፈሉም። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ተጠባባቂው ደግሞ የራሱ ኬብል ከሌለው ተጠባበቀ አይባልም። ብዙ ቦታ አንዱ ብቻ ተሰክቶ ሌላው ባዶ ፖርቱን ይዞ ቁጭ ብሎ አይቻለሁ። ሁለቱንም ስካ፤ ከቻልክ ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች።

ሴቲንጉ ውስጥም ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ኢንክሎዠር አይፒ ሞድ ነው። ሲበራ ሥራ ላይ ያለው ኦኤ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ ይይዛል። ሥራው ወደ ሌላው ሲዞር አድራሻውም አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ሊንክ ሎስ ፌይልኦቨር ነው። እሱ ካልበራ የሚሠራው ኦኤ ኬብሉ ቢነቀልም በጤናው ስላለ ሥራውን አያስረክብም። አንተ ግን ከውጭ ልታገኘው አትችልም።

«ሊንክ አፕ የሚለው ፖርት ወደ ኔትወርክ የሚወጣበት ነው»

ስሙ ያሳስታል። ኦኤዎቹ ባሉበት ትሪ ላይ ያሉት ሁለቱ የሊንክ ፖርቶች ሳጥንን ከሳጥን ለማያያዝ ናቸው። የላይኛው ሳጥን ዳውን ከታችኛው አፕ ጋር ይገናኛል። ወደ ቢሮ ስዊች አይሰኩም። ከሁሉም በላይ ያለው ሳጥን ባዶ የቀረው አፕ ፖርት ግን የላፕቶፕ መግቢያ ነው። በዚያ ቅዳሜ ያዳነን እሱ ነው። ላፕቶፔን ሰካሁ፤ በ169.254 የሚጀምረውን አድራሻ ከሳጥኑ ፊት ካለችው ትንሽ ስክሪን አነበብኩ፤ ገባሁ።

«ኦኤውን ከነካሁ ሰርቨሮቹ ይጠፋሉ»

በዚህ ፍርሃት ፈርምዌሩ (የኦኤው የውስጥ ሶፍትዌር) ለዓመታት ሳይታደስ የቀረ ሳጥን ስንት አለ! ኦኤው ሪስታርት ሲደረግ የበሩ ሰርቨሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለጥቂት ደቂቃዎች የሚጠፋው የአንተ እይታ ነው። አይሎዎቹን አታገኛቸውም፤ ከዚያ ይመለሳሉ። አዲስ የገባ ብሌድ ለመነሳት የኃይል ፈቃድ የሚጠይቀው ኦኤውን ስለሆነ እሱ ይጠብቃል። የ10ሩን ፋኖች ፍጥነት የሚቆጣጠረውም ኦኤው ነው። ሪስታርት ማድረግ ምንም አይደለም፤ ሳጥኑን ያለ ኦኤ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

«የውስጥ ኔትወርክ ስለሆነ ደህና ነው»

እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ወደ አይሎ የገባ ሰው ሰርቨሩን ማጥፋት ይችላል። ሰርቨሩን እሱ ባመጣው የዲስክ ምስል ማስነሳትም ይችላል። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፓስወርድ ያኔ ብዙም አይከላከልልህም።

በ2017 አይሎ 4 ላይ የተገኘውን ክፍተት አስታውሱ፤ ሲቪኢ-2017-12542 ይባላል። አይሎ 4 በጄን8 እና በጄን9 (በ8ኛና በ9ኛ ትውልድ) ሰርቨሮች ላይ ያለው ነው። ክፍተቱን ለመጠቀም ፓስወርድ አያስፈልግም ነበር። በጥያቄው ውስጥ ኮኔክሽን በሚለው መስመር ላይ «ኤ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል 29 ጊዜ መላክ በቂ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ቫይረስ የያዘው ላፕቶፕ አይሎውን መድረስ ከቻለ፣ «የውስጥ» የሚለው ቃል ማንንም አያድንም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማኔጅመንቱን በራሱ ቪላን (በተለየ የኔትወርክ ክፍል) ለዩት። ፋየርዎሉ ላይ የአስተዳዳሪዎቹን ማሽኖች ብቻ አሳልፉ። ኦኤው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የታተመውን የፋብሪካ ፓስወርድ ቀይሩ፤ ከራኩ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ያነበዋል። የአይሎን ፈርምዌር አድሱ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ሰው የማይበዛበት ሰዓት ምረጡና አንድ ሰው ራኩ ጋ ይቁም። ሌላው ከቤቱ ይግባ። የሚሠራውን ኦኤ ኬብል ንቀሉ። ቤት ያለው ሰው ገጹን እንደገና ከፍቶ በዚያው አድራሻ ከገባ ኬብሉን መልሱ። ካልገባ ያልበራው ሴቲንግ ወይም ያልተሰካው ኬብል የቱ እንደሆነ የዚያኑ ቀን ፈልጉት።