ካታሎግ ሬዞኔ፦ የአንድ ሠዓሊ ሥራ ሁሉ የሚመዘገብበት መጽሐፍ

ካታሎግ ሬዞኔ አንድ ሠዓሊ በሕይወት ዘመኑ የሠራውን ሁሉ፣ ወይም ቢያንስ በአንድ ዘርፍ የሠራውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ቁጥር እየሰጠ ከነማስረጃው የሚመዘግብ የጥናት መጽሐፍ ነው። ስያሜው የፈረንሳይኛ ሲሆን «በምክንያት የተደገፈ ዝርዝር» እንደ ማለት ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሥነ ጥበብ ታሪክ መደርደሪያ ላይ ከጎኑ የሚቀመጡ ሌሎች መጻሕፍት አሉ። ሞኖግራፍ ስለ ሠዓሊው ሕይወትና ስለ ሥራዎቹ ትርጉም ይተነትናል፤ ደራሲው ለሐሳቡ የሚስማሙትን ሥዕሎች መርጦ ያቀርባል። የዐውደ ርእይ ካታሎግ በአንድ ወቅት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ብቻ ይይዛል። ካታሎግ ሬዞኔ ግን መምረጥ አይፈቀድለትም። ደካማው ሥዕል፣ ተጀምሮ የቀረው፣ የተቃጠለው፣ የት እንዳለ የማይታወቀው ሁሉ መግባት አለበት። ሙዚየም፣ የጨረታ ቤት፣ ፍርድ ቤትና ተመራማሪ በአንድነት የሚጠቅሱት መጽሐፍ የሆነውም ስለዚህ ነው። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ 10 እና 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ዕድሜው ሳይበቃው ለተተኪው ያስተላለፈም አለ።

የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ የሚጠቀሰው ኤድም ፍራንሷ ዤርሳን የተባለው የፓሪስ የሥዕል ነጋዴ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ኅትመቶች (በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎቹን) የዘረዘረበትና እሱ ከሞተ በኋላ በ1751 የታተመው ነው። ከዘመናዊዎቹ ሠዓሊዎች መካከል በግዝፈቱ የሚታወቀው ደግሞ ክርስቲያን ዘርቮስ ለፓብሎ ፒካሶ ያዘጋጀው ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1932 ወጣ፤ የመጨረሻው የወጣው በ1978፣ ዘርቮስ ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። 33 ጥራዝ፣ ከ16,000 በላይ ምስል። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ስለ ቀለሙ የሚነግሩት ነገር የለም፤ ቁጥሮቹ ግን እስከ ዛሬ በጨረታ ቤቶችና በሙዚየሞች ይሠራባቸዋል።

የቁጥሩ ጥቅም በቪንሰንት ቫን ጎግ የሱፍ አበባዎች ላይ በግልጽ ይታያል። ሥዕሎቹ ተመሳሳይ ስም አላቸው፣ የአበባ ማስቀመጫውም ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ርእሱን ብቻ የጠቀሰ ጽሑፍ ስለ የትኛው እንደሚናገር አይታወቅም። ያኮብ ባርት ደ ላ ፋይ በ1928 ባወጣው ካታሎግ የለንደን ናሽናል ጋለሪው ኤፍ 454፣ የሙኒኩ ኤፍ 456፣ የአምስተርዳሙ ቫን ጎግ ሙዚየም ደግሞ ኤፍ 458 ነው፤ ፊደሉ ከአዘጋጁ ስም የተወሰደ ነው። በኋላ ያን ሁልስከር ሥራዎቹን በተሠሩበት ጊዜ ቅደም ተከተል አደራጅቶ ሌላ ቁጥር ሰጣቸው፤ የለንደኑ በእሱ ጄኤች 1562 ነው። ጥንቁቅ ጽሑፍ ሁለቱንም ይጠቅሳል። አንዴ የወጣ ቁጥር ደግሞ አይነካም። በ212 እና በ213 መካከል የሚገባ ሥዕል በኋላ ቢገኝ 212ሀ ይባላል ወይም በተጨማሪ ጥራዝ ይወጣል፤ አንድ ሥራ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፣ ባዶውን ይቀራል። ይህን ደንብ የጣሰ አዘጋጅ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ያምታታል።

በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ርእሱ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ ቁሱ፣ መጠኑ፣ ፊርማውና በላዩ የተጻፈው ነገር፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ የታየባቸው ዐውደ ርእዮች፣ የተጠቀሰባቸው ጽሑፎች፣ የአዘጋጁ ማብራሪያና ፎቶው ይገባሉ። ቀላል የሚመስሉት መስመሮች ብዙ ስሕተት የሚፈጸምባቸው ናቸው። ርእሱን ራሱ ሠዓሊው አወጣው ወይስ ነጋዴው? ሁለቱም ይጻፋሉ፣ የየትኛው እንደሆነም ይገለጻል። ቁሱን «ቅይጥ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያን የ1964 ሥራ «ጁጁስ ዌዲንግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ቴምፔራ በተባለ ቀለምና በብረታማ ቀለም እንደተሠራ ተመዝግቧል። ቀጥሎ የሚመጣ የጥገና ባለሙያ ካርቶኑ እርጥበት እንደሚጎዳው ከዚያች አንዲት መስመር ይረዳል።

ልኬት የሚወሰደው ሥዕሉ ከፍሬሙ ወጥቶ ነው። ፍሬም የሸራውን ጠርዝ በየጎኑ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ከነፍሬሙ የተለካ ሥዕል በሁለት መጽሐፍ ሁለት መጠን ይዞ ይገኝና ሁለት ሥዕል መስሎ ይቆጠራል። ቁመቱ በግራም በቀኝም፣ ወርዱ ከላይም ከታችም ይለካል፤ በእጅ የተወጠረ ሸራ አራት ማዕዘኑ እኩል አይሆንምና። አጻጻፉ ምንጊዜም ቁመት ቀድሞ ወርድ ተከትሎ ነው። 60 በ80 የተባለ ሥዕል ወደ ጎን የተጋደመ ነው፤ 80 በ60 የቆመ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ጸሐፊ አንባቢውን የሌለ ሥዕል ያስፈልገዋል።

ፎቶ ሲነሣ ካሜራው ከሥዕሉ መካከል ጋር ትይዩ ይሆናል፣ ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቆማሉ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ ከጠርዙ ሥር ይቀመጣል። ካርዱ ከሌለ በኅትመት ጊዜ ቀዩ ወደ ብርቱካን ቢሄድ የሚያርመው ሰው ማረሚያ አይኖረውም። ከዚያ መብራቱ ከአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ የብሩሹ ጉብታ፣ ስንጥቁ፣ ከሥር የነበረ ሌላ ሥዕል እንደ ጥላ ብቅ ይላል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደግሞ አሮጌ ቫርኒሽ (በቀለሙ ላይ የሚቀባው መከላከያ ቅብ) አረንጓዴ ያበራል፣ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ፊርማው ከቫርኒሹ በላይ ጠቁሮ ከታየ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከዚያ ይቀጥላል።

ልምድ ያለው አጥኚ ግን አስቀድሞ የሚያዞረው ጀርባውን ነው። በእንጨቱ ላይ የተለጠፈ የጋለሪ ወረቀት፣ የጉምሩክ ማኅተም፣ የአጓጓዥ ቁጥር፣ በእርሳስ የተጻፈ ዋጋ፣ የዛገ ምስማር፣ ሸራውን የሸጠው መደብር ማኅተም ሁሉም ይነሣሉ፣ ይገለበጣሉ። ፊት ለፊት ያለውን መኮረጅ የሚችል ብዙ ነው፤ የ60 ዓመት ጀርባ መሥራት ይከብዳል።

ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚናገረው ክፍል ስም፣ ከተማ፣ ዓመትና የተላለፈበትን መንገድ ይይዛል፤ ውርስ፣ ስጦታ፣ ሽያጭ። በብዙ የአሜሪካ ሙዚየሞች ልማድ በሁለት ባለቤቶች መካከል ድርብ ሰረዝ ካለ ሥዕሉ በቀጥታ ተላልፏል፤ ነጥብ ካለ መካከሉ ክፍተት ነው። በ1933 እና በ1945 መካከል አውሮፓ ውስጥ ለነበረ ሥራ ክፍተቱ ከባድ ነገር ነው፤ በናዚዎች ከአይሁድ ቤተሰቦች የተዘረፈ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ አዘጋጁ ሰነዱን አምኖ ዓይኑን ሲከድን ነው። ደ ላ ፋይ በ1928 ባወጣው ካታሎግ ኦቶ ቫከር የተባለ የበርሊን ነጋዴ የቫን ጎግ ናቸው ብሎ የሸጣቸውን ወደ 30 የሚጠጉ ሥዕሎች እንደ እውነተኛ አስገባ። ቫከር ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ሩሲያዊ ባለቤት ነበራቸው ይል ነበር። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ በካሲረር ጋለሪ ዐውደ ርእይ ሲሰናዳ ሥዕሎቹ ከእውነተኞቹ አጠገብ ሆኑ፣ ልዩነቱም ዓይን መታ። ደ ላ ፋይ በኋላ ስሕተቱን አመነ፤ በ1930 ሐሰተኛ ቫን ጎጎችን የሚዘረዝር ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ማመኑ ስሙን አላጠፋውም፤ ቁጥሮቹ ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው።

የጀርመናዊው ሐሰተኛ ሥዕል ሠሪ የቮልፍጋንግ ቤልትራኪ ጉዳይ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ካታሎግ ሬዞኔ የጠፉ ሥራዎችን በርእስ ብቻ፣ ያለ ፎቶ ይመዘግባል፤ ቤልትራኪ እነዚያን ርእሶች እያነሣ ለባዶው ስም ሥዕል ሠራለት። በሠዓሊው ሃይንሪሽ ካምፐንዶንክ ስም በ1914 የተሠራ ተብሎ የቀረበው «ቀይ ሥዕል ከፈረሶች ጋር» በ2006 በጀርመኗ ከተማ በኮሎኝ በተካሄደ ጨረታ በ2.88 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ያጋለጠው የቀለም ምርመራ ነው፤ በውስጡ የተገኘው ቲታኒየም ነጭ የተባለው ቀለም በ1914 ለሠዓሊዎች ገና አልቀረበም ነበር። ከጀርባው የነበረው የሥዕል ነጋዴው የአልፍሬድ ፍሌክታይም ስብስብ ወረቀትም ሐሰተኛ ነበር። ቤልትራኪ በ2011 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሌለው «የጠፋ» ሥራ በድንገት ሲገኝ ጥሩ አዘጋጅ ከመደሰቱ በፊት ይጠረጥራል።

አዘጋጁ «ይህ አይገባም» ሲል የሚሊዮኖች ዋጋ ይወድቃልና ክስ ይመጣል። የአሜሪካዊው ሠዓሊ የአንዲ ዋርሆል ፋውንዴሽን ለአንድ ክስ መከላከያ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ካወጣ በኋላ የሥዕሎቹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠውን ቦርድ በ2012 ዘጋ። ዛሬ ብዙ አዘጋጆች «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል አይጽፉም፤ «በካታሎጉ አልተካተተም» ብለው ያልፋሉ። ለተመራማሪ ይህ ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱ አብሮ ይቀበራልና።

ኅትመቱም እየተለወጠ ነው። የፖል ሴዛን ሥዕሎች ካታሎግ ከ2014 ጀምሮ በኢንተርኔት ይገኛል፤ እርማት ሌላ ጥራዝ መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን ገጹ ዛሬ የሚለው ከዓመት በፊት ካለው ሊለይ ስለሚችል፣ ጠቃሹ ያየበትን ቀን መጻፍ አለበት።

ወደ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ስንመጣ የጥናቱ መሠረት አለ። የስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የ1983 መጽሐፍ በጥንቱ ሥዕል ላይ፣ የኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የ2019 መጽሐፍ በዘመናዊው ላይ የሚጠቀሱ ናቸው። ሁለቱም ግን ትንተና ናቸው፤ ሥራ በሥራ የሚቆጥር መዝገብ የራሱን ድካም ይፈልጋል፣ ሌላ አገር የማይገጥሙ ችግሮችም አሉበት።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1957 ኮሎኝ ለትምህርት ገባ፤ ከተመለሰ በኋላ አዲስ አበባ ሠራ። እንዲህ ባለ ሠዓሊ ሥራ ጥግ ላይ «57» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ በአውሮፓ ከሆነ የተማሪነቱ መጀመሪያ ነው፤ በኢትዮጵያ ከሆነ ግን ከመስከረም 1964 እስከ ጳጉሜን 1965 ያለው ዓመት ነው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ያገኘበት ጊዜ። በሰባት ዓመት ልዩነት ውስጥ የአንድ ሰው አሣሣል ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። መፍትሔው በሸራው ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያም «1957 ዓ.ም. (1964/65)» ብሎ ሁለቱንም ዓመት ማስፈር ነው። ሰባት ብቻ ደምሮ መሄድ ከጥር በኋላ ለተሠራው ሁሉ አንድ ዓመት ያሳስታል።

ሁለተኛው ስም ነው። የውጭ ማውጫዎች ገብረ ክርስቶስን ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም «ደስታ» ሥር ይደረድሩታል፤ «ገብረ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። እስክንድር አንዴ አሌክሳንደር፣ አንዴ ስኩንደር፣ አንዴ ቦጎሲያን ተብሎ ይገኛል። አዘጋጁ የኢትዮጵያውን ስም አደራረግ ይዞ ሌሎቹን ሁሉ «ተመልከት» በሚል ማገናኘት አለበት። ርእስም እንዲሁ ነው፤ የአንድ ሥዕል ስም በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ብሮሹር ሦስት ሆኖ ከወጣ አንዱ ሥራ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ሸራ ያልሆነው ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ እንደ ሸራ ከግድግዳ ወርዶ ጀርባው አይዞርም። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ማስረጃ የሚገኘው ከንድፉ፣ ከውሉና ከሕንፃው ፋይል ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለው «ኔክሰስ» ደግሞ የእስክንድርና የከበደች ተክለአብ የጋራ ሥራ ስለሆነ በአንዱ ስም ብቻ መመዝገብ በደል ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው መበታተኑ ነው። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሥዕል ከሚገዙት ብዙዎቹ አገሩን ለቀው የሚሄዱ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ ከ1966ቱ ዓ.ም. አብዮት በፊትም በኋላም ከሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ ወጡ። ገብረ ክርስቶስ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ እስክንድር ለብዙ ዓመታት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2003 ዋሽንግተን አረፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልና የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መነሻ ይሆናሉ፤ የቀረው በየሳሎኑ ነው፣ በዋሽንግተን፣ በኮሎኝ፣ በአዲስ አበባ።

ሥዕል ያለው ቤተሰብ ለወደፊቱ መዝጋቢ ሊያቆየው የሚችለው ነገር ብዙ ነው። ፊቱንም ጀርባውንም በቀን ብርሃን ማንሣት፣ ያለ ፍሬም በሴንቲ ሜትር ለክቶ ቁመቱን ቀድሞ መጻፍ፣ ማን መቼ ከማን እንደገዛው አያት ወይም እናት ሳሉ ጠይቆ ማስፈር፣ ደረሰኝና የዐውደ ርእይ ብሮሹር ከነእጥፋቱ ማስቀመጥ። ፍሬም ሠሪው አሮጌውን ካርቶን ሲያነሣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጥለው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነውና፣ ሥዕሉን ከመስጠት በፊት «ወረቀቱ እንዳይነካ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።