የቀፎ ሳጥን ጥርስ አቆራረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዘመናዊ ቀፎ ሳጥን አራት ጣውላ ነው። አራቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው ማዕዘኑ ላይ እርስ በርሱ የሚጠላለፈው ጥርስ ነው። አቆራረጡ ከባድ አይደለም፤ የሚያበላሸው ከአንዱ አናጺ ወደ ሌላው ሳይመረመር የሚተላለፍ ምክር ነው። ከታች ያሉት ልኮች ላንግስትሮዝ ለሚባለው ባለ 10 ፍሬም (ንቦች የማር እንጀራ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ቀፎና ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጣውላ ናቸው። ዛንደር የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቀፎ የሚሠራ ሰው ዘዴውን ይውሰድ፣ ቁጥሩን ግን ይተው፤ የላንግስትሮዝ ትልቁ ፍሬም 448 በ232፣ የዛንደር ደግሞ 420 በ220 ሚሊ ሜትር ነው።

«በመዶሻ ካልገባ አይጸናም»

ከሁሉም የሚያስመርረው ይህ ነው፤ ስንት ጥሩ ጣውላ ያለቀውም በዚህ ነው። ማዕዘኑን የሚያጸናው ኮላ ነው፤ ኮላ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ጥርሱ ተፋፍጎ ሲገባ የተቀባውን ኮላ ጠርጎ ያወጣዋል፤ በመሃል የሚቀረው ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ጋር ነው። በዚያ ላይ የእንጨት ኮላ ውሃ ስላለው ጥርሱን ወዲያው ያሳብጠዋል። ያለ ኮላ ሲሞከር እንደምንም የገባው ጥርስ ኮላ ሲነካው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ መዶሻ ይነሳል፤ የዳሩ ጥርስም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በቀለም ይሸፈንና ክረምት ሲገባ ይከፈታል።

ልኩ የሆነ ጥርስ ያለ ኮላ ሲሞከር በእጅ ግፊት ይጀምራል፣ በእንጨት መዶሻ ቀለል ባለ ምት ያልቃል፣ ሳጥኑ ሲነሳ ደግሞ በራሱ ክብደት አይወልቅም። በቁጥር ሲነገር፣ ጥርሱ ከክፍተቱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጥበብ።

ይህ በዓይን ግምት አይገኝም፤ መሪ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ የሚንሸራተት ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይሠራል፤ ከመጋዙ ጎን 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የእንጨት ዘንግ፣ ማለትም መሪ ጥርስ፣ ይተከልበታል። የመጀመሪያው ክፍተት ይቆረጣል፤ ያ ክፍተት መሪ ጥርሱ ላይ ይሰካል፤ ቀጣዩ ይቆረጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ ጣውላው ጫፍ ይሄዳል። የክፍተቱን ስፋት የሚወስነው መጋዙ ነው። የጥርሱን ስፋት የሚወስነው ግን በመሪ ጥርሱና በመጋዙ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ማያያዣው ከጠበቀ መሪ ጥርሱን ወደ መጋዙ አስጠጉት፤ ከላላ አርቁት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና የባሰ ሲጠብቅበት መሣሪያውን ይወቅሳል። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማስተካከያው አንድ ወረቀት መጨመር ወይም መቀነስ ነው። በቁርጥራጭ ሞክሩ፤ ቁርጥራጩ ግን ከዚያው ጣውላ የወጣና ያው ውፍረት ያለው ይሁን።

ሰፊ ክፍተት በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ድርብ ምላጭ የሌለው ሰው ሥራውን አይተው። የመጋዙ ምላጭ 3 ሚሊ ሜትር የሚበላ ከሆነ፣ የክፍተቱን አንድ ጎን ይቁረጥ፤ ከዚያ ጣውላውን ልክ 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ማካካሻ እንጨት አሸሽቶ ሌላውን ጎን ይቁረጥ፤ መሃሉን በኋላ ያጽዳ። 3 እና 16 ተደምረው 19 ይሆናሉ። ለዚህ ሥራ የመጋዙ መከላከያ ስለሚነሳ ምላጩ ከመሪ ሰሌዳው በስተኋላ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ሳይቸነከር ሥራ አይጀመር፤ እጅ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

«ትንሽ ስህተት ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ አይገጥምም»

እኩል የሆነ ስህተት ምንም አያደርግም፤ ሁለቱም ጣውላዎች በአንድ መሪ ሰሌዳ እስከተቆረጡ ድረስ እኩል ይሄዳሉ፤ የሚለወጠው የመጨረሻው ጥርስ ስፋት ብቻ ነው። የሚጎዳው መሪ ጥርሱ በክፍተቱ ውስጥ ሲወዛወዝ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ቁርጥ የራሱ ልክ ይኖረዋል።

«እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጠብቃል»

አይጠብቅም፤ ተኮማትሮ ይላላል። የፈረንጅ ጽድ ብዙ ጊዜ ከመሰንጠቂያ የሚመጣው እርጥብ ሆኖ ነው። 243 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የሳጥኑ ጣውላ እርጥበቱ ከ20 ወደ 12 በመቶ ሲወርድ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ሊያጣ ይችላል። ጉዳቱ ማዕዘኑ ላይ ብቻ አይቆምም። በላይኛውና በታችኛው ሳጥን ፍሬሞች መካከል የሚቀረው የንብ መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የተሰላ ነው። ከዚያ ሲጠብ ንቦቹ በፕሮፖሊስ (ከዛፍ ሙጫ በሚሠሩት ማጣበቂያ) ይደፍኑታል፤ ላይኛው ሳጥን ሲነሳ የታችኛውን ፍሬም ነቅሎ የማር እንጀራውን ይቀድደዋል። ጣውላውን ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ስስ እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፤ አንዱን ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለመቁረጥ ደርሷል። ባሕር ዛፍ ከደረቀም በኋላ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለጥርስ ሥራ አይመከርም።

«የውጭውን ልክ ከሌላ ቀፎ መቅዳት ይበቃል»

ንቦቹ የሚኖሩት ውስጥ ነው። የውጭውን 505 በ413 ቀድቶ በ25 ሚሊ ሜትር ጣውላ የሚሠራ ሰው ከውስጥ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ይሰርቃል፤ በፍሬሙ ጫፍና በግድግዳው መካከል ከ9 ሚሊ ሜትር በላይ መሆን የነበረበት ወደ 3 ይወርዳል። ሁልጊዜ ከውስጥ ልክ ተነሱ፦ 467 በ375። የውስጥ ልክ ማለት የጣውላው ርዝመት ሲቀነስ የጥርሱ ጥልቀት ሁለት ጊዜ ነው። ጥርሱን 19.5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና ጣውላዎቹን 506 እና 414 አድርጉ። ከውጭ የሚተርፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር ኮላው ሲደርቅ በመላጊያ ይነሳል። ጥልቀቱ ካነሰ ጥርሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ጎድጓዳው ውሃ ያቁራል።

«ጥርሱ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል»

ለመሳቢያ እውነት ነው፤ ለቀፎ ግን የፍሬም ማረፊያ አለ። ከፊትና ከኋላ ጣውላ የላይኛ ጠርዝ በውስጥ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ወርድና 16 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው እርከን ይወጣል። ጥርሱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ እርከን በማዕዘኑ በኩል ወደ ውጭ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ዝናብም ጉንዳንም የሚገባው በዚያ ነው። መፍትሔው የላይኛው ጥርስ ከ16 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ማድረግና አጀማመሩን አለመሳት ነው፦ የጎን ጣውላዎች ከላይ በጥርስ ይጀምሩ፣ የፊትና የኋላዎቹ በክፍተት። እንዲህ ሲሆን የጎኑ ጥርስ የእርከኑን ጫፍ ራሱ ይዘጋዋል።

በእጅ መጋዝና በመሮ የሚሠራ ሰው የጣውላውን ቁመት 243 ሚሊ ሜትሩን ለ9 ያካፍል፤ እያንዳንዱ ጥርስ 27 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ያለ ማሽን አይሆንም» የሚባለውም ስህተት ነው፤ መስመሩን በስለታም ቢላ አስምሮ መጋዙን በሚወገደው እንጨት በኩል ማስኬድ ነው።

የቀሩት አጭር መልስ ይበቃቸዋል።

«የእንጨቱ ስሪት (የቃጫው አቅጣጫ) በየትም ቢሄድ ለውጥ የለውም» ይባላል፤ አለው። ስሪቱ በጣውላው ርዝመት፣ አግድም ይሂድ። ቁም ከሄደ ጥርሱ በጣት ግፊት ይሰበራል።

«ኮላ ካለ ሚስማር አያስፈልግም» ለሚለው፦ ማር የሞላ ሳጥን እየተነሳና እየተጣለ ስለሚኖር በየጥርሱ ከሁለቱም አቅጣጫ ሚስማር ይግባ፤ ቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳ።

«በስኳድራ ካየሁት ቀጥ ብሏል» አይበቃም። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ረጅሙን ሰያፍ በሞርሳ ጭመቁ፤ ከደረቀ በኋላ የሚቃና ነገር የለም።

«ውስጡም ቀለም ይቀባ» ለሚሉ፦ አይቀባ። ቀለም ለውጭ ነው፤ በተለይ የጥርሱ ጫፍ ውሃ ስለሚመጥ ሁለት ጊዜ ይቀባ።