በጨረታ ስለሚሸጡ ብርቅ ሰዓቶች የሚወራውና እውነታው

አንድ የእጅ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በሚሊዮን ፍራንክ ተሸጠ የሚል ዜና በቴሌግራም በተዘዋወረ ቁጥር ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የስንት ቤት ሣጥን ይከፈታል። የአባት ሰዓት ይወጣል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ወርቅ ቤት ይደርሳል፣ ከዚያም ፒያሳ ዳር የመስታወት ሣጥኑን ዘርግቶ ለተቀመጠው ሰዓት ሠሪ «እስቲ አስነሳልኝ» ተብሎ ይሰጣል። አብዛኛው ተራ ሰዓት ስለሆነ የሚጎዳ ነገር የለም። ከመቶ አንዱ ብርቅ ሆኖ ከተገኘ ግን ዋጋው የሚወድቀው ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው። ሰው በቅንነት የሚሳሳትባቸውን አባባሎች በየተራ እንያቸው።

«ወርቅ ከሆነ ውድ፣ ብረት ከሆነ ርካሽ ነው»

የአንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት ቀፎ ቢመዘን ሃያ ሠላሳ ግራም ወርቅ ቢወጣው ነው። ሰብሳቢ ለዚያ ሲል ሚሊዮን አይከፍልም። የስዊሱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1941 ማምረት የጀመረውን 1518 የተባለ ሞዴል እንውሰድ። ቋሚ ካላንደር (የወሩን ርዝመት ራሱ የሚያውቅ ቀን መቁጠሪያ) እና ክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ መለኪያ የሚነሳና የሚቆም ሰከንድ ቆጣሪ) አንድ ላይ የያዘ የእጅ ሰዓት ሲሆን የተሠራው 281 ያህል ብቻ ነው። አብዛኛው ወርቅ ነው፤ በብረት የተሠሩት ግን 4 ብቻ ይታወቃሉ። ከአራቱ አንዱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 ጄኔቫ ላይ ፊሊፕስ በተባለው ጨረታ ቤት 11,002,000 የስዊስ ፍራንክ አወጣ። የወርቁ አቻው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ባነሰ ይሸጣል። ዋጋውን የወሰነው ስንት ተሠራ፣ ስንት ቀረ የሚለው ነው።

ወርቅ የሚመስለው ሁሉ ወርቅ አለመሆኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከኋላ ክዳኑ ላይ ወይም ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጆሮዎች መካከል «20 ማይክሮን» የሚል ካለበት ናስ ላይ የተለበጠ ስስ ወርቅ ነው። ክዳኑ ላይ «ኋላው የማይዝግ ብረት» የሚል ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ካለ ደግሞ ብረት የሆነው ክዳኑ ብቻ ነው፤ የቀረው አካሉ ብዙውን ጊዜ የተለበጠ ናስ ነው። ሙሉ ባለ 18 ካራት ወርቅ የሆነ የቆየ የስዊስ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሴት ራስ ያለበት ጥቃቅን ማኅተም ይኖረዋል። ይህን በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል። ወርቅ ቤት ወስዳችሁ በመፈተሻ ድንጋይ እንዳታስፍቁት! ባለወርቅ ቤቱ የሚያውቀው ቀለበትና ሀብል ስለሆነ ለፍተሻ የሚመርጠው ሾጠጥ ያለውን ጫፍ ነው፤ ያ ጫፍ ደግሞ የሰዓቱ ጆሮ ነው። አንዴ የተፋቀ ጆሮ አይመለስም።

«ተወልውሎና ፊቱ ታድሶ ቢቀርብ ዋጋው ይጨምራል»

ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣው ይሄኛው ነው። መኪናና ቤት ሲሸጥ ማሳመር ልማድ ስለሆነ ሰዓትም እንደዚያው ይመስላል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ከፋብሪካ የወጣበትን መስመር ነው። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው አራቱ ጆሮዎች ሲሠሩ ጠርዛቸው ስለታም ነው፤ ላዩና ጎኑ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። የመወልወያ ሞተር ላይ አንዴ ሲያዝ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ሁለቴ ሲያዝ ጆሮው እንደ ሳሙና ይሟሟል። የወርቁ ማኅተምም ጥልቀቱን ያጣል። ገዢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ አራቱን ጆሮዎች ያወዳድራሉ፣ ከዚያ ማኅተሙ በጥፍር ሲነካ ይሰማ እንደሆነ ይፈትሻሉ።

የሰዓቱ ፊት ይብሳል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ምርጥ የፓቴክ ሰዓቶች ላይ ስሙና የደቂቃ መስመሩ የተቀባ ሳይሆን መጀመሪያ ብረቱ ላይ ተቀርጾ፣ ጉድጓዱ በጥቁር ኢናሜል (እንደ መስታወት በሚጠነክር ቀለም) ተሞልቶ፣ በእሳት የተጋገረ ነው። ስለዚህ በማጉያ ሲታይ ፊደሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያብረቀርቃል። የሚያጸዳው ሰው በጥጥና በኬሚካል ሲያሸው መጀመሪያ የሚጠፋው የፊደሉ ቀጭን እግር ነው። እንደገና የተቀባ ፊት ደግሞ በጠፍጣፋ ቀለም ይታወቃል፤ ፊደሎቹ እኩል አይወፍሩም፣ የደቂቃ ነጥቦቹም ከቁጥሮቹ መሐል ትንሽ ዝንፍ ይላሉ። ቢጫ ያለ፣ ነጠብጣብ ያለበት ግን ያልተነካ ፊት በጨረታ ላይ እንደ አዲስ ከሚያበራ የተቀባ ፊት ይበልጣል፤ አንዳንዴ በብዙ።

ቆጣሪ፣ መስታወት ወይም መሙያ የግድ መለወጥ ካለበት አሮጌውን አትጣሉ። በትንሽ ፌስታል አሽጋችሁ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት። ክዳኑን ደግሞ በቢላ ለመክፈት አትሞክሩ፤ ከጠርዙ ላይ የሚቀረው ጭረት ሁሉንም ይናገራል።

«ቋሚ ካላንደር ካለው በእኛም አቆጣጠር ይሠራል»

ከሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ውጭ ሰዓቱ የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ ሁሉ ኮምፕሊኬሽን ይባላል። ከእነዚህ መካከል ሰው በጣም የሚያደንቀው ወርና ዘመነ ሉቃስን ራሱ የሚያውቀውን ካላንደር ነው። የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ከፊቱ ሥር በ4 ዓመት አንዴ የምትዞር ክብ አለች፤ ጠርዟ ላይ ለ48 ወራት የተለያየ ጥልቀት ተቆርጧል። ባለ 31 ቀኑ ወር ላይ ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ባለ 30ው ጎድጎድ ይላል፤ ፌብሩዋሪ ላይ በጣም ይጠልቃል፤ ከአራቱ ፌብሩዋሪዎች ባለ 29 ቀኗ ብቻ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ትላለች። ወሩ ሲያልቅ አንዲት የብረት ምላስ ጥልቀቱን ዳስሳ ቀኑ ስንት እርምጃ መዝለል እንዳለበት ትወስናለች። ለጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን የሚሆን ጉድጓድ የላትም። መስከረም 1 ብላችሁ ብታስተካክሉት በዓመቱ ውስጥ ሰባት ጊዜ ወሩን 31 ያደርግባችኋል።

የሚገርመው ግን የሰዓቱ ሕግ ከራሱ ከፈረንጆቹ ሕግ ይልቅ ለባሕረ ሐሳብ ይቀርባል። በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ሌላ አያውቅም። ፈረንጆቹ 2100ን ስለሚዘሉ በዚያ ዓመት ማርች 1 ላይ እነዚህ ሰዓቶች ሁሉ በእጅ መታረም አለባቸው።

ለእኛ ሰው ልዩ አደጋ ያለው ሰዓት አሞላሉ ላይ ነው። ካላንደሩ ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው። ጥርሶቹ ግን ቀደም ብለው፣ ፊቱ ላይ 8 ገደማ ሲል ይያያዛሉ፤ የሚላቀቁትም 3 ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ መሐል በቀፎው ጎን ያሉትን ትንንሽ ማስተካከያ ነጥቦች መጫን ምላሷን ወይም ጥርሱን ይሰብራል። መመሪያው «ሌሊት አትንካ» ይላል፤ ይህ በፈረንጅ ሰዓት ለተሞላ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ከተሞላ 12 የሚለው ምሽት ወይም ንጋት ላይ ነው። ምሽት ላይ ቀን የሚቀይር ከሆነ አደገኛው ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ ማለትም ሰው ሰዓቱን የሚነካካበት ጊዜ ይሆናል። መፍትሔው ፀሐይን ትቶ ፊቱን ማየት ነው። ቆጣሪዎቹን ወደፊት ብቻ እያዞራችሁ 6 ላይ አድርሱ፣ ከዚያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጫፍ ተጫኑ። መርፌና እስክሪብቶ ቀፎውን ይቧጭራሉ። ቀኑን አሳልፋችሁ ከሆነ ወደኋላ አትመልሱ፤ ሰዓቱ ይቁም፣ እውነተኛው ቀን ሲደርስበት ታስነሱታላችሁ።

የጨረቃን መሙላትና መጉደል የምታሳየው መስኮትም ብዙ ይነገርላታል። ወሎ ውስጥ የረመዳንና የኢድ ጨረቃ ጉዳይ ቀላል ስላልሆነ፣ «ይህ ሰዓት ካለህ ማየት አያስፈልግህም» የሚል አይጠፋም። ክቧ 59 ጥርስ አላት፤ ሁለት ጨረቃ ተስሎባት በቀን አንድ ጥርስ ትሄዳለች። ስለዚህ አንዱን ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ትቆጥርለታለች፤ የእውነተኛዋ አማካይ ደግሞ 29.53 ቀን ነው። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ሲሆን አንድ ቀን ትስታለች። ጌጥ ናት፤ ማንንም አታስፈጥርም።

«ባለ 17 ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ዕንቁ አለ»

ድንጋዮቹ በፋብሪካ የሚሠራ ሩቢ ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ ከምንም አይቆጠርም። ሥራቸው የብረት ዘንግ በብረት ላይ እንዳይፋተግ ማድረግ ነው።

«እየሄደ ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው»

መሄድና መሥራት ይለያያሉ። የቆየ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በሰዓት 18,000 ምት ይመታል፤ ማለትም በሰከንድ 5። ጤነኛ ሲሆን ባላንሱ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ) በሙሉ ሞላ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ይወዛወዛል። ከ220 በታች ከወረደ ዘይቱ ደርቋል ወይም ዘንጉ ተበልቷል፤ ሰዓቱ ግን ለወራት መሄዱን ይቀጥላል። ይህን የሚለካው መሣሪያ ማይክሮፎን ያለው ትንሽ ማሽን ነው፤ በጆሮ አይታወቅም። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን የጀመረ ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልተሰበረም። በስልክ ሽፋን ወይም በስፒከር ማግኔት ተይዞ የባላንሱ ፀጉር መሳይ ሞላ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ማግኔት ማውጫ ላይ ሲያልፍ በደቂቃ ውስጥ ይለቃል።

ለ30 ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየውን «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ መሙላት ግን ክፉ ነው። የደረቀ ዘይት እንደ ሙጫ ይይዛል፣ በውስጡ ያለ አቧራ ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ዘንጉን ይፍቃል። መጀመሪያ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ዘይት ይገባል፣ ከዚያ ይሞላል። ሲኮ ፋይቭ በደንብ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ቋሚ ካላንደር ይፈታል ማለትም አይደለም፤ ደግ ሰዓት ሠሪ ይህን ራሱ ይነግራችኋል።

ሰዓቱን በደወል የሚናገር ዓይነት ከሆነ ደግሞ እየደወለ ሳለ መሙያውን መሳብ ክልክል ነው። ገዢ የሚፈትነው 12 ሰዓት ከ59 ላይ ነው፤ ለሰዓቱ 12 ወፍራም፣ ለሦስቱ ሩብ 3 ጥንድ፣ ለቀሩት ደቂቃዎች 14 ቀጭን ድምፅ፣ በጠቅላላ 32 ምት መቆጠር አለበት።

«የአልጋ ወራሽ ስጦታ ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነው»

አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የወሎ ገዥ ሆነው ደሴ ይቀመጡ ስለነበር እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። ግን ጨረታ ቤት የሚገዛው ማስረጃ ነው። ሰዓቱ እጅ ላይ የሚታይበት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የተቀረጸ ስም ወይም ዘውድ። የተቀረጸው ጽሑፍም ቢሆን ይመረመራል። የቆየ ጭረት በፊደሉ ላይ ሳይቋረጥ ካለፈ ፊደሉ ከጭረቱ በፊት ነበር፤ ፊደሉ ጭረቱን ከቆረጠው ግን በኋላ የተጨመረ ነው። ፎርጅድ ስጦታ የሚያዘው በዚህ ነው።

ሣጥንና ወረቀት ባይኖር ግን ተስፋ አትቁረጡ። ፓቴክ ፊሊፕ የማሽኑንና የቀፎውን ቁጥር ከፎቶ ጋር ሲቀበል ከመዝገቡ የተመረተበትንና የተሸጠበትን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። የገዢውን ስም አይነግርም። ሁለቱ ቁጥሮች ከመዝገቡ ጋር ካልተጣጣሙ ሰዓቱ ከሁለት ሰዓት የተቀጣጠለ ሊሆን ይችላል።

የባለቤትነት ጥያቄ ደግሞ ብርቁንም ሰዓት ያቆማል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ፣ 2497 የተባለ የፓቴክ ቋሚ ካላንደር እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው ጨረታ ቤት ሊሸጥ በካታሎግ ወጥቶ ነበር። ከቤተሰቡ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሳ ከጨረታው ተነሣ። «ተሸጠ» እየተባለ ሲወራ የከረመው ያ ሰዓት በዚያ ጨረታ አልተሸጠም።

«ግምቱ መነሻ ዋጋው ነው፤ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ ሻጩ ኪስ ይገባል»

ሁለቱም ስህተት ነው። ጨረታ ቤቱ በካታሎግ የሚያወጣው ግምት ከ50,000 እስከ 100,000 ፍራንክ ነው እንበል። ሻጩና ጨረታ ቤቱ በምስጢር የሚስማሙበት ዝቅተኛ ዋጋ አለ፤ ከ50,000 አይበልጥም፣ እዚያ ካልደረሰ ሰዓቱ አይሸጥም። ጥሪው የሚጀምረው ከዚያም በታች ነው። መዶሻው 60,000 ላይ ቢወርድና የገዢው ኮሚሽን 26 በመቶ ቢሆን ገዢው 75,600 ይከፍላል፤ ዜናው የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ከ60,000ው ላይ የሻጩ ኮሚሽን 10 በመቶ ቢቀነስ እጁ የሚገባው 54,000 ነው፤ የፎቶ፣ የኢንሹራንስና የመላኪያ ወጪ ገና አልተነሣም።

«ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት ነው»

ታሪክ አለው ብላችሁ የምትሸጡት ዕቃ በታሪኩ ምክንያት ቅርስ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ቅርስ ባለሥልጣን ጋ ሄዶ መጠየቅ የሚቀድመው ቲኬት ከመቁረጥ ነው። ለጨረታ ቤቱ የመጀመሪያ ግምት ሰዓቱ ራሱ አያስፈልግም፤ ፎቶ በቂ ነው። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱን፣ አራቱንም ጆሮ፣ ሁለቱን ጎን፣ የክዳኑን ውስጥና ማሽኑን አንሱ። ክዳኑን ሰዓት ሠሪው እናንተ ባላችሁበት ይክፈተው፣ ቁጥሮቹ በግልጽ ይነበቡ፣ ወዲያው ይክደነው። ቁጥሮቹን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ፎርጅድ ሠሪ የሚፈልገው እውነተኛ ቁጥር ነው።