ልጁ ለራሱ ያወጣው ስም፦ ስለ ዲስሌክሲያ ለልጆቻችን ስንነግር የምንሳሳተው

ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማንበብ ተጀምሯል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚነበበውን እየሰማ አይደለም። መጀመሪያ ከፊቱ ያሉትን ልጆች ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አንቀጾቹን ይቆጥራል። የእሱ አምስተኛው ነው። ቶሎ ብሎ አምስተኛውን በከንፈሩ ይለማመዳል። ተራው ሊደርስ ሁለት ልጅ ሲቀረው እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ብዙ ልጆች እንዲህ ዓይነት መሸሻ ለራሳቸው ይፈጥራሉ። ዲስሌክሲያ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት ማንበብን፣ ፊደል ሳይገድፉ መጻፍንም የሚያከብድ የመማር ልዩነት ነው። ብርቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አለባቸው የሚል ነው። ልጁን ግን ከንባቡ እኩል የሚጎዳው ስለ ራሱ የሚነገረው፣ ወይም የሚደበቀው ነገር ነው።

«ስሙን ከነገርነው ቅስሙ ይሰበራል»

ወላጆች ይህን የሚሉት ከፍቅር የተነሳ ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጁ ስም ሳያገኝለት አልቆየም። ጓደኞቹ አንብበው ሲያልፉ እሱ እዚያው ሲቀር አይቷል። ለምን እንደሆነም አስቧል። ያገኘው መልስ «ደደብ ስለሆንኩ ነው» የሚል ነው። እኛ ዝም ስንል ይህንኑ እናጸድቅለታለን።

«ዲስሌክሲያ» የሚለው ቃል ችግሩን ልክ ቦታው ላይ ያስቀምጥለታል። የከበደው ማንበብ ነው እንጂ እሱ በሙሉ አይደለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«እማዬ፣ እኔ ለምንድን ነው ማንበብ የሚያቅተኝ?»

«ጭንቅላትህ ውስጥ ፊደልንና ድምፅን የሚያገናኝ መንገድ አለ። የአንዳንድ ልጆች አስፋልት ነው። ያንተ ገና ፒስታ ነው። መኪናው ምንም አልሆነም፤ መንገዱ ነው የሚያዘገይህ። መንገዱን አብረን እንሠራዋለን።»

ደግሞ በአንድ ቀን ወሬ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሰባት ዓመቱ ያልጠየቀውን በአሥር ዓመቱ ይጠይቃል።

«ፊደል ይገለበጥበታል፤ ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው»

ይህ እምነት ሥር አለው። «ዲስሌክሲያ» የሚለውን ስም በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ጻፈና ነገሩን «የቃል ዕውርነት» አለው። የልጁ አስተማሪ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚስተካከለው እንደማይኖር ተናግሮ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልጁ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ታውቋል። የአብዛኞቹ ልጆች ችግር የሚጀምረው ከማየት ሳይሆን በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ነጥሎ ከመያዝና ከፊደል ጋር ከማገናኘት ላይ ነው። ፊደል መገልበጥ ማንኛውም ጀማሪ ልጅ የሚያደርገው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናትና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ባለቀለም መነጽርና የዓይን ስፖርት ዲስሌክሲያን እንደሚያክሙ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ተናግረዋል። ዓይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ያስፈልገዋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልዩነቱን ለልጁ በጨዋታ ማሳየት ይቻላል። ደብተር ሳትከፍቱ «ሰላም በል» በሉት። «አሁን ሰ‑ን አውጣት። ምን ቀረ?» «ላም!» ሲላችሁ አንድ ድምፅ ነቅሎ አወጣ ማለት ነው። ካቃተው ደግሞ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ እናንተም እሱም በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። ፊደላችንን ስታስጠኑትም «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ መሆኑን ቀስ ብላችሁ አሳዩት። «በደንብ እይ!» ብሎ መቆጣት ይህን አያስተምርም።

«ሌላው ላይ ጎበዝ ነው፤ እዚህ ላይ ሰንፎ ነው»

ዲስሌክሲያና የማሰብ ችሎታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትናንት ያነበባትን ቃል ዛሬ የሚስታት ልጅ እየቀለደ አይደለም። ሌላው ልጅ ሳያስብ የሚያልፋትን ቃል እሱ በየቀኑ እንደ አዲስ ይፈታታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል። «እየለፋህ እንደሆነ አያለሁ» ብትሉት እውነቱን ነው የነገራችሁት።

«ጥፋቱ የእኛ ነው»

ዲስሌክሲያ በአስተዳደግ አይመጣም። በዘር ይወርዳል፤ እናት ወይም አባት ካለባቸው ልጁ ላይ የመታየት ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እና የልጃችሁን ደብተር ስታዩ የራሳችሁን ልጅነት ካያችሁ ንገሩት። «እኔም እንዲህ ነበርኩ፤ ሳነብ ያልበኝ ነበር» የሚል አባት ከማንም ባለሙያ በላይ ይሰማል።

«ሲያድግ ይተወዋል»

አይተወውም። ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በድግግሞሽ የሚያስተምር ሰው ካገኘ ግን ንባቡ ይሻሻላል፤ ቶሎ ሲጀመር ደግሞ የበለጠ። «ይጠፋልሃል» ብላችሁ ቃል አትግቡለት። ካልጠፋለት የሚወቅሰው ራሱን ነው።

«ልዩ ስጦታ ነው በሉት»

ይህ አሁን አሁን እየተለመደ ነው። ለማጽናናት የታሰበ ነው፤ ግን ሸክም ይሆናል። ዲስሌክሲያ በራሱ ልዩ ተሰጥኦ እንደሚሰጥ በጥናት አልተረጋገጠም። ሠዓሊም ፈልሳፊም ያልሆነው ልጅ «ስጦታዬስ የት አለ?» ብሎ ሁለተኛ እንዲያፍር አናድርገው። ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ትናንት እህትህ ስታለቅስ ያባበልካት አንተ ነህ።» ይህን ማንም አይነጥቀውም።

«ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ከኩረጃ አይለይም»

ፈተናው የሳይንስ ከሆነ የሚለካው ሳይንስ ነው እንጂ የንባብ ፍጥነት አይደለም። መጽሐፉን በድምፅ ማዳመጥም እንደዚያው ነው፤ የንባብ ልምምዱን አይተካም፣ ግን ዕውቀቱና የቃላት ሀብቱ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር ያደርጋል። ልጁ ራሱ ይህን ካልተረዳው ሰዓቱ ቢሰጠውም ያፍርበታል፤ እንዲያውም አልፈልግም ይላል። ስለዚህ የሚጠይቅበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱ። እናንተ አስተማሪ ሁኑ፣ እሱ ይጠይቅ፦ «ቲቸር፣ ዲስሌክሲያ አለብኝ። ማንበቡ ነው የሚያዘገየኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ትንሽ ሰዓት ይጨምሩልኝ?»