የቧንቧ ኦርጋን ኖታን ለሲድ ቺፕ ማዛወር ምንድን ነው?

ለኦርጋን የተጻፈን ኖታ አንድ የቀድሞ ኮምፒውተር ሊጫወተው ወደሚችለው የቁጥር ሰንጠረዥ መለወጥ ነው። ኦርጋን ስንል የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናትን የቧንቧ ኦርጋን እንጂ ባንዶች መድረክ ላይ የሚያቆሙትን ኪቦርድ አይደለም። ለምሳሌነት የምንይዘው ቺፕ ቦብ ያኔስ የነደፈው፣ ድምፅ የሚፈጥረው ሲድ 6581 ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከኮምዶር 64 የቤት ኮምፒውተር ጋር ወጣ።

ፒያኖ ለዚህ ቺፕ አይመችም፤ ኦርጋን ይመቻል። የኦርጋን ቁልፍ በቀስታም ተጫኑት በኃይል፣ ድምፁ ያው ነው፤ ጣት እስኪነሣ ድረስም ሳይደክም በአንድ ልክ ይቆያል። ሲድ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያደርጋል። የአንድን ኖታ አነሣስና አጠፋፍ ከሚወስኑት አራት ዋጋዎች መነሻውን 1 (8 ሚሊ ሰከንድ)፣ መውረጃውን 0፣ መቆያውን 15፣ መጥፊያውን 2 (48 ሚሊ ሰከንድ) ማድረግ ይበቃል። በኮምፒውተሩ የፕሮግራም ቋንቋ በቤዚክ፣ ቺፑ ካሉት ሦስት ድምፆች ለመጀመሪያው (ፖክ፣ POKE፣ አንድን ቁጥር በተሰጠው አድራሻ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ነው)፦ ፖክ 54277,16 ከዚያም ፖክ 54278,242። ዋናውን የድምፅ መጠን በፖክ 54296,15 መክፈት አይረሳ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ሲድ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት፣ የትኛው መስመር ይቅር በሚለው ላይ ነው። የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስድስቱ የኦርጋን ትሪዮ ሶናታዎች (በሥራዎቹ ዝርዝር ከ525 እስከ 530) ለሁለት እጅና ለፔዳል፣ በሦስት ነጻ መስመር የተጻፉ ስለሆኑ ምንም ሳይቆረጥ ይገባሉ። ጀማሪ ከእነሱ ቢጀምር ይሻላል። ባለ አራት ድምፅ ፊውግ (አንድ ጭብጥ ከመስመር ወደ መስመር እየተቀባበለ የሚሄድበት ሙዚቃ) ላይ ግን መምረጥ ግድ ነው። ባሱ ይቆያል፤ ጭብጡን የያዘው መስመር ይቆያል፤ ከቀሩት ውስጥ የኮርዱን ሦስተኛ ኖታ የያዘው ይመረጣል፤ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር የሚለየው በእሱ ነውና። አምስተኛው ኖታ ቢቀር ጆሮ ብዙም አይፈልገውም፣ በባሱ ሃርሞኒኮች (ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው በሚሰሙ ከፍ ያሉ ድምፆች) ውስጥ አለ። የኮርዱን ኖታዎች በአንድ ድምፅ እያፈራረቁ በፍጥነት ማሰማትም ይቻላል፤ ለጌም ሙዚቃ ያምራል፣ ኦርጋን ላይ ግን የስልክ ጥሪ ይመስላል።

ኦርጋኒስት የትኞቹ ቧንቧዎች እንዲጮኹ የሚመርጡትን መዝጊያዎች እየሳበ በአንድ ቁልፍ ብዙ ቧንቧ ያናግራል። እኛ ያንን በሞገድ ምርጫ ብቻ ነው የምናካክሰው። ስፋቱ 2048 የሆነ ፐልስ (ግማሽ ጊዜ ከፍ፣ ግማሽ ጊዜ ዝቅ የሚል አራት ማዕዘን ሞገድ) ጎዶሎ ቁጥር ሃርሞኒኮችን ብቻ ይሰጣል፤ ጫፉ የተደፈነ ቧንቧም በአመዛኙ እንዲሁ ነው። የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ለደማቁ ድምፅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ለዋሽንት መሰሉ ይሆናል። ሦስት ማዕዘኑን ለፔዳል መስጠት ግን ስሕተት ነው። ባለ 16 ጫማ ፔዳል ዝቅተኛው ዶ 33 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ የቴሌቪዥን ስፒከር አያወጣውም። የመጋዝ ጥርስ ከሆነ ጆሮ ከሃርሞኒኮቹ ተነሥቶ ባሱን ይሞላዋል።

ለቺፑ የሚሰጠው የኖታው ቁጥር የሚገኘው ድግግሞሹን በ16777216 አባዝቶ ለቺፑ የሰዓት ፍጥነት በማካፈል ነው። በፓል የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት በሚሠራው ማሽን (985248 ኸርዝ) የ440 ኸርዙ ላ 7493 ይሆናል፦ ከፍተኛ ባይት 29፣ ዝቅተኛ ባይት 69። በአሜሪካው (1022727 ኸርዝ) 7218 ነው። የአሜሪካውን ሰንጠረዥ ፓል ላይ ያስኬደ ሰው ሙዚቃው ሁሉ ከግማሽ ቶን ግማሽ በላይ ወርዶ ያገኘዋል።

ፍጥነትም እንደልብ አይደለም። ፕሮግራሙ በሰከንድ 50 ጊዜ ከተጠራ (እያንዳንዱ ጥሪ አንድ ፍሬም ነው)፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 6 ፍሬም ሲሆን በደቂቃ 125 ምት፣ 7 ሲሆን 107 ምት ይሆናል፤ መካከሉ የለም።

ብዙዎችን የሚያደክመው ግን የተደጋገመ ኖታ ነው። ጌቱ (ኖታውን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው ማብሪያ) ተዘግቶ ካልተከፈተ ሁለቱ ኖታዎች አንድ ረጅም ኖታ ይሆናሉ። ተዘግቶ ወዲያው ቢከፈት ደግሞ አንዳንዱ ኖታ ዘግይቶ ይገባል። የመነሻና የመጥፊያ ጊዜ የሚለካው የቺፑ ቆጣሪ አዲሱን ገደብ አስቀድሞ አልፎት ከሆነ እስከ 32768 ቆጥሮ ዞሮ መምጣት አለበት፤ ይህም እስከ 33 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መፍትሔው ከአዲሱ ኖታ 2 ፍሬም ቀደም ብሎ ጌቱን መዝጋትና አራቱንም ዋጋዎች (መነሻ፣ መውረጃ፣ መቆያ፣ መጥፊያ) ዜሮ ማድረግ ነው። ጉዳቱ ከቀደመው ኖታ 40 ሚሊ ሰከንድ መቁረጡ ነው፤ በዝግተኛ ኮራል (የቤተ ክርስቲያን መዝሙር) አይታወቅም፣ በፈጣን ሩጫ ግን መስመሩን ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ለተደጋገሙት ብቻ ይደረግ፤ ተያይዘው በሚሄዱት ላይ ጌቱ ክፍት ሆኖ የድግግሞሹ ቁጥር ብቻ ይቀየር።